ብሮ ብሪጅ፦ ውሃ ሲገባና ሲወጣ የምትኖር የባዩ ከተማ

ከሉዊዚያናዋ ላፋዬት ተነስቶ በኢንተርስቴት 10 ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆነው መውጫ 109 ላይ ይደርሳል። ወደ ደቡብ ታጥፎ ትንሽ እንደሄደ ባዩ ቴሽ የሚባለውን ዝግተኛ ውሃ የሚሻገር የብረት ድልድይ ያገኛል፤ መሃሉ እንዳለ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚነሳ ዓይነት ነው። ከተማዋ ብሮ ብሪጅ ትባላለች። የፈረንሳይኛው አጻጻፍ ረዥም ነው፣ አፍ ላይ ሲደርስ ግን “ብሮ” ብቻ ይቀራል፤ ብሮ የቤተሰብ ስም ነው፣ ብሪጅ ደግሞ ድልድይ። የነዋሪው ቁጥር 7,500 አካባቢ ነው። ድልድዩ ላይ የተጻፈው ከተማዋ የዓለም የክሮፊሽ ዋና ከተማ መሆኗን ይናገራል።

ክሮፊሽ ሎብስተርን አሳንሰው የሠሩት የሚመስል፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጨው በሌለው ውሃና ጭቃ ውስጥ የሚኖር ባለ ቅርፊት ፍጥረት ነው። አማርኛ የራሱ ስም የለውምና እንዲሁ ክሮፊሽ እንበለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ኬጀኖች፣ ማለትም ስለ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የሉዊዚያና ሰዎች፣ ከተሞች ሲጻፍ አብዛኛው ወሬ ስለ ጭፈራና ስለ ቅመም ነው። ሁለቱም አሉ፣ አይካድም። ከተማዋን አበጥሮ የሚያሳየው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ውሃው መቼ ይገባል፣ መቼስ ይወጣል?

ባዩ የሚለው ቃል ቾክታው ከሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ነው። ወንዝ እንዳይባል እጅግ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሐይቅ እንዳይባል ረዥምና ጠባብ ነው። ባዩ ቴሽ ከፖርት ባር ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ቴሽ በአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ በቺቲማቻዎች፣ ቋንቋ እባብ ማለት ነው ይባላል፤ ካርታውን ያየ ሰው አይከራከርም። ከሺዎች ዓመታት በፊት ሚሲሲፒ ራሱ በዚህ መስመር ነበር የሚፈሰው። እሱ ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ ሬድ ወንዝ ለተወሰነ ዘመን ተተካበት፤ በዳርቻው ቀይ ሸክላ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ትልቅ ወንዝ ሞልቶ ከአፉ ሲያልፍ ፍጥነቱ ወዲያው ይቀንሳል። የተሸከመውን ከባድ ደለል እዚያው ዳር ላይ ያራግፋል፤ የላመውን ጭቃ ግን ወሰድ አድርጎ ረግረጉ ውስጥ ይበትነዋል። ይህ ለዘመናት ሲደጋገም ከውሃው ግራና ቀኝ ተረተር ይሠራል። ስለዚህ እዚህ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከፍ ያለው መሬት ውሃው ዳር ያለው ነው፣ ከውሃው በራቁ ቁጥር ወደ ረግረግ ይወረዳል። ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ቤት የት እንደሚሠራ፣ መንገድ በየት እንደሚያልፍ፣ መቃብር የት እንደሚቆፈር የወሰነው ግን ያ ጥቂት ሜትር ነው።

ኬጀን “አካዲያን” ከሚለው ተሸራርፎ የቀረ ስም ነው። አካዲያውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ ተነስተው ዛሬ የካናዳ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። አገሩ በ1713 በዩትሬክት ውል ለብሪታንያ ተላለፈ። ያለ ቅድመ ሁኔታ ለእንግሊዙ ንጉሥ እንዲምሉ ተጠይቀው እምቢ ሲሉ፣ በ1755 አገረ ገዢው ቻርልስ ሎውረንስ ቤታቸውን አስቃጥሎ በመርከብ አስጫናቸው። በሚቀጥሉት ዓመታት ከ10,000 በላይ ሰው ተባረረ፤ ቤተሰብም ከቤተሰብ ተለያየ። በ1765 ቦሶሌይ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ጆዜፍ ብሩሳር 200 ያህል ሰው ይዞ ወደ ቴሽ አካባቢ ደረሰ። በ1785 ደግሞ ሰባት መርከቦች ከፈረንሳይ 1,600 ገደማ አካዲያውያን አመጡ። ያኔ ሉዊዚያናን የምትገዛው ስፔን ነበረች።

ባዶ እጁን የመጣ ሰው በምን ጀመረ? በርቢ ከብት። ኤፕሪል 4 ቀን 1765 ኒው ኦርሊየንስ ላይ የቦሶሌይ ሰዎች ዶትሪቭ ከሚባል ባለመሬት ጋር ተዋዋሉ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አምስት ላም ከነጥጃዋና አንድ ኮርማ ይሰጣል፤ ስድስት ዓመት ያረባሉ፤ ሲያበቃ የተቀበሉትን ያህል ይመልሱና የተረፈውን እኩል ይካፈላሉ። ኬጀን ሲባል ሰው ዓሣ አጥማጅ ብቻ ይመስለዋል፤ እዚህ የጀመሩት ግን በከብት ነው።

የመሬቱም አከፋፈል ከዚያ ተረተር የተቀዳ ነው። የፈረንሳይ መለኪያ የሆነው አርፓን 58 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መሬቱ ከባዩው ዳር ጥቂት አርፓን ስፋት ይዞ ወደ ኋላ 40 አርፓን፣ ማለትም 2.3 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ቀጭንና ረዥም መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከፊት ለፊቱ ለጀልባ የሚሆን ውሃ፣ ቀጥሎ ለቤት ደረቅ መሬት፣ ቀጥሎ እርሻ፣ ከጫፉ ደግሞ ሳይፕረስ የሚባለውን ዛፍ የሚቆርጥበት ረግረግ ይደርሰዋል። አባት ሲሞት መሬቱ በቁመቱ እንጂ በወርዱ አይከፈልም፤ በወርዱ ቢከፈል አንዱ ወንድም ረግረግ ብቻ ይዞ ይቀራልና። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ስፋቱ ክር አከለ። ዛሬም ከአውሮፕላን ሲታይ የቴሽ ዳርቻ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ነው።

ቤቶቹም ከዚያው ከአካባቢው የተሠሩ ነበሩ። ማገሩ ሳይፕረስ ነው፤ እርጥበት ብዙም አይበግረውም። ግድግዳው ጭቃና ከኦክ ዛፍ ላይ እንደ ሽበት የሚንዠረገገው ግራጫ ተክል ተቦክቶ ይመረጋል፤ ቡዚያዥ ይሉታል። ያው ተክል ታጥቦና ደርቆ ለፍራሽም ይሞላ ነበር።

ፊርማን ብሮ የሚባል አካዲያዊ ዛሬ ከተማዋ ያለችበትን መሬት በ1771 ገዛ። በ1799 ለቤተሰቡና ለጎረቤት መሻገሪያ የሚሆን የእግረኛ ድልድይ ዘረጋ፤ ገመድና ትናንሽ ሳንቃ ነው፣ ገመዱ በሁለቱም ዳርቻ ካሉ ትላልቅ የኦክ ዛፎች ጋር ታስሯል። መንገደኛ አቅጣጫ ሲጠይቅ “እስከ ብሮ ድልድይ ሂድ” ይባል ጀመር። በ1817 ልጁ አግሪኮል ጋሪ የሚያሻግር ድልድይ ሠራ፤ ንግዱ የመጣው ያኔ ነው። ከተማዋን ከተማ ያደረገችው ግን የአግሪኮል ሚስት ስኮላስቲክ ፒኩ ናት። ባሏ ሞቶ ልጆች ይዛ ስትቀር በ1829 የቦታውን ፕላን አስነስታ፣ መንገዱን፣ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት ቦታውን አስለይታ ቁራጭ ቁራጭ አድርጋ ሸጠችው። በዚያ ዘመን ከተማ የመሠረተች ሴት ስትፈለግ በጣት የምትቆጠር ናት። የገመድ ድልድዩ ወሬ ከእሷ የፕላን ሥራ የበለጠ መነገሩ ትክክል አይመስለኝም።

አንድ የሚዘለል ነገር አለ። በቴሽ ዳር ሸንኮራ የተተከለውና የተቆረጠው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነው፤ ከአካዲያውያን ልጆችም በባርነት ሰው የያዙ ነበሩ። ምግቡም ሙዚቃውም ቋንቋውም ያለ እነሱ አይቆምም። ጉምቦ የሚለው የሾርባ ስም ራሱ ከአፍሪካ የባንቱ ቋንቋዎች የመጣ የባሚያ ስም ነው። አኮርዲዮን ላይ የብሉዝ ስሜት የጨመረው ዛይዲኮ የጥቁር ክሪዮሎች፣ ማለትም ከጥንት በፈረንሳይኛና በክሪዮል የሚናገሩ የሉዊዚያና ጥቁሮች፣ ሙዚቃ ነው፤ ከብሮ ብሪጅ ብዙ ሳይርቅ፣ ከኦፐሉሰስ የተነሳው ክሊፍተን ሼኒዬ በዓለም ፊት አቆመው። የነጮቹ ኬጀኖች ሙዚቃ በሸክላ የተቀረጸው ደግሞ በ1928 በጆ ፋልኮንና በክሊዮማ ብሮ ነው።

ቋንቋውም አንድ አይደለም። በከተማዋና በዙሪያዋ የኬጀን ፈረንሳይኛ ብቻ ሳይሆን ኩሪ ቪኒ የሚባለው የሉዊዚያና ክሪዮልም ይነገራል፤ ጥቁሩም ነጩም ይናገረዋል። መለያው ቀላል ነው፦ አንዱ “እኔ” ለማለት “ዠ” ሲል ሌላው “ሞ” ይላል። ሁለቱንም የጎዳው ግን ያው አንድ ሕግ ነው። የ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። በቤቱ እንግሊዝኛ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ በፈረንሳይኛ ስለጠየቀ ይገረፍ፣ “በትምህርት ቤት ግቢ ፈረንሳይኛ አልናገርም” የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ እንዲጽፍ ይደረግ ነበር። ያ ልጅ ወላጅ ሲሆን ልጆቹን በእንግሊዝኛ አሳደገ። በ1968 ግዛቲቱ ፈረንሳይኛን የሚያስፋፋ ኮዶፊል የሚባል ተቋም አቋቋመች፤ በአንድ ትውልድ የተቆረጠውን ለመቀጠል ግን ከአንድ ትውልድ በላይ እየፈጀ ነው። አሁን ከአያቶቹ በላይ የሚጠቅሙት ትምህርቱን በሙሉ በፈረንሳይኛ የሚሰጡት ክፍሎች ናቸው።

ወደ ውሃው እንመለስ።

በ1927 ሚሲሲፒ ሲሞላ ከቴሽ በስተ ምሥራቅ ያለው የአቻፋላያ ወንዝ መከላከያ ክትሮች ተሰበሩና ውሃው የቴሽን አገር አጥለቀለቀ። ተረተሩ ላይ ያለ ሰው እንኳ ሸሸ። በዓመቱ በወጣው የጎርፍ መቆጣጠሪያ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት የአቻፋላያን ረግረግ በምሥራቅና በምዕራብ በረዣዥም ክትር አጥሮ የጎርፍ ማስተንፈሻ አደረገው። በሁለቱ ክትሮች መካከል የነበሩ ባዩ ሼንን የመሰሉ መንደሮች ቀስ በቀስ ተለቀቁ፤ ዛሬ በሜትር በሚቆጠር ደለል ሥር ናቸው። የወጣው ሰው ክትሩ ሥር ሰፈረ፤ ከብሮ ብሪጅ ወደ ምሥራቅ ያለችው ሄንደርሰን በብዛት የእነሱ ከተማ ናት።

ክትሩ ጎርፉን ሲከለክል ምንጩንም ከለከለ። ባዩ ቴሽ ከላይ ይገባለት የነበረው ውሃ ቀረበትና ደከመ፣ ቆሸሸ፤ ባዕድ አረም፣ እምቦጭ ጭምር፣ እንደ ልቡ ተንሰራፋበት። መፍትሔው የማያምር ግን የሚሠራ ነው፦ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ክሮትዝ ስፕሪንግስ ላይ ካለ ጣቢያ የአቻፋላያ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ወደ ቴሽ ይላካል። ብሮ ብሪጅ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያየው ሰው የተፈጥሮ ወንዝ ያየ ይመስለዋል። በድርቅ ወራት ከሚያየው ውሃ አብዛኛውን የሚገፋው ሞተር ነው።

በክትሮቹ ውስጥ ያለውን ውሃ የሚወስነው ደግሞ ራቅ ያለ ቦታ ነው። ከ1963 ጀምሮ ኦልድ ሪቨር በሚባለው ቦታ ያሉት የውሃ መቆጣጠሪያ በሮች ከሚሲሲፒና ከሬድ ወንዝ ድምር 30 በመቶውን ወደ አቻፋላያ ያሳልፋሉ። የዱር ክሮፊሽ አጥማጅ ጠዋት ተነስቶ የሚያየው የአየር ትንበያ አይደለም፤ ቢዩት ላ ሮዝ ላይ ያለውን የውሃ ከፍታ መለኪያ ነው። ውሃው ወደ ጫካው ካልገባ ክሮፊሹ የሚበላው አያገኝም፤ ገብቶ ከቆየና ከሞቀ ደግሞ ቅጠሉ እየበሰበሰ ኦክስጅኑን ይጨርስበታል፣ ወጥመድ ውስጥ ያለውም ታፍኖ ይሞታል።

ከዚህ ጥገኝነት ለመላቀቅ ነው ኩሬው የመጣው። ዛሬ አብዛኛው የሉዊዚያና ክሮፊሽ የሚመጣው ሩዝ ከሚዘራባቸው ጠፍጣፋ እርሻዎች ነው። ዘዴው ከፍጥረቱ ጠባይ ጋር የተገጠመ ነው። ሜይና ጁን ላይ ውሃው ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ሴቷ ክሮፊሽ ውሃው ሲሸሽ ስታይ ጭቃው ውስጥ ትቆፍራለች፤ ያወጣችውን ጭቃ በአፉ ዙሪያ እየከመረች ጭስ ማውጫ የመሰለ ነገር ትሠራለች፣ ከዚያ አፉን ትደፍናለች። ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይጠልቃል። እንቁላሎቿን እዚያው ትጥልና በመቶ የሚቆጠሩትን ከጅራቷ ሥር ለጥፋ ትይዛለች። ከላይ ሩዙ ይበቅላል። ሩዙ ታጭዶ ቃርሚያውና እንደገና የሚያቆጠቁጠው ገለባ ሲቀር ኦክቶበር ላይ ውሃው ይመለሳል፤ እናትየዋም ከነልጆቿ ብቅ ትላለች። ዘር መግዛት የሚያስፈልገው ለአዲስ ኩሬ ብቻ ነው፤ በሄክታር ከ55 እስከ 70 ኪሎ የሚሆን ጎልማሳ ክሮፊሽ በጸደይ ይለቀቅበታል፣ ከዚያ በኋላ ራሱን ይተካል።

ጥፋት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከችኮላ ነው። ሴፕቴምበር ላይ፣ ገና ሙቀቱ ሳይበርድ፣ ውሃ የሞላ ገበሬ ወሩ ሳያልቅ ውሃው ጠቁሮ ይሸተዋል፤ ገለባው በሙቀት በአንድ ጊዜ ይበሰብሳልና። በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከሚሊዮን ክፍል ከ2 ክፍል በታች ሲወርድ ክሮፊሹ ሣሩን ተንጠላጥሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ በጎኑ ተኝቶ መተንፈሻ ስንጥቡን አየር ያስነካል። ያን ያየ ሰው ፓምፑን አስነስቶ ውሃ መቀየር አለበት እንጂ ነገ ማለት የለበትም። ጥልቀቱም ቢበዛ ጉዳት ነው፤ ከጉልበት በታች ይበቃል፣ ከ25 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ያለፈ ውሃ ለመግፋት ነዳጅ ይበላል፣ ለመቀየርም ያስቸግራል።

በ2023 በጋ የሆነው ደግሞ ከማንም ጥንቃቄ በላይ ነበር። ድርቁና ሙቀቱ ጭቃውን እስከ ጉድጓዱ ድረስ አደረቀው፤ ሴቶቹ ከነእንቁላላቸው እዚያው ሞቱ። ኦክቶበር ላይ ውሃ ሲሞላ የወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የክሮፊሽ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ በማርች 2024 የግዛቲቱ አገረ ገዢ ጄፍ ላንድሪ የአደጋ አዋጅ አወጣ።

ወጥመዱ ከፕላስቲክ ከተለበጠ ሽቦ የተሠራ፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የሚጠብ፣ ሦስት የመግቢያ ቀዳዳ ያለው ፒራሚድ ነው። የሽቦው ቀዳዳ 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ትንንሾቹ እንዲያመልጡ። አናቱ ከውሃው በላይ ይወጣል፣ ክዳን የለውም፤ ክሮፊሹ ግን አንገቱ ላይ ያለው ልሙጥ የፕላስቲክ ቀለበት እያንሸራተተው መውጣት አይችልም። በሄክታር ከ25 እስከ 60 ወጥመድ በቀጥታ መስመር ይተከላል። ማባበያው በብርድ ወራት ተቆራርጦ የሚጨመር ዓሣ ነው፣ ለአንዱ ወጥመድ 150 ግራም ገደማ። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ዓሣው ቶሎ ይበሰብሳል፤ ያኔ ከእህል የተጋገረው የፋብሪካ ማባበያ ይሻላል።

ጀልባውን ቆሞ ማየት ደስ ይላል። አሉሚኒየም ነው፣ ከታች ዝርግ፤ ከኋላው ጥርስ ያለው የብረት መንኮራኩር በሃይድሮሊክ እየዞረ ጭቃውን ረግጦ ይገፋዋል። ክትር ሲያጋጥመው በላዩ ይሻገራል። ነጂው አንድ ሰው ነው፤ በእግሩ ይነዳል፣ በእጁ ይሠራል። አንድ ማባበያ የያዘ ባዶ ወጥመድ በእጁ አለ። ወደሚቀጥለው ሲደርስ ሙሉውን ያነሳል፣ በዚያው ቦታ የያዘውን ይተክላል፤ ጀልባው ሳይቆም ያነሳውን ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፣ ማባበያ ይጨምርበታል፣ ለቀጣዩ ቦታ ያዘጋጃል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ዘንጎች ትንንሾቹን ወደ ውሃው ይመልሳሉ፣ ትልልቆቹ ጫፍ ላይ ወደተወጠረው የመረብ ጆንያ ይንሸራተታሉ። አንድ ጆንያ ከ15 እስከ 18 ኪሎ ይይዛል። ከመጠን በላይ የታጨቀ ጆንያ ሥሩ ያለውን ይጨፈልቀዋል።

ገዝቶ የሚወስድ ሰው ማወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ክሮፊሽ ስንጥቡ እስከረጠበ ድረስ አየር ላይ ይተነፍሳል። ጆንያውን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ እርጥብ ጨርቅ ማልበስ ያቆየዋል፤ ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ጥቂት ቀን ይቆያል። የቆመ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን መግደል ነው፣ ኦክስጅኑን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ጨው ነስንሶ “አንጀቱን ማጽዳት” የሚባለውም ልማድ ብቻ ነው፤ አንጀቱን አያጸዳም፣ ሲበዛ ይገድለዋል። ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ ማጠብ፣ የሞተውን መልቀም፣ በቃ።

ለአንድ ጆንያ 75 ሊትር የሚይዝ ድስት ከነወንፊቱ ያስፈልጋል፤ ቡታጋዙ ደጅ ይተከላል። ለሰው ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይታሰባል፤ ይህ ብዙ ይመስላል፣ ከክብደቱ የሚበላው ሥጋ ግን 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ውሃው ከግማሽ አይለፍ፣ ክሮፊሹ ሲገባ ከፍ ይላል። ቅመሙ፣ ማለትም የተፈጨ ቀይ ቃሪያ፣ ሰናፍጭ፣ ድንብላል፣ ጨው፣ ለአንድ ጆንያ 2 ኪሎ ያህል ነው። ሎሚ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ለሁለት ተከፍሎ ይገባል። ድንቹ ቀድሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ ክሮፊሹ ሲገለበጥ ውሃው ዝም ይላል፤ እንደገና ሲንፈቀፈቅ ሦስት ደቂቃ ይቆጠርና እሳቱ ይጠፋል። የሚያበስለው እሳቱ ቢሆንም የሚያጣፍጠው ከዚያ በኋላ ያለው ዝፍዘፋ ነው። በረዶ የሆነ በቆሎ አሁን ይጨመራል፤ ውሃውን አቀዝቅዞ ክሮፊሹ ወደ ታች እንዲሰጥምና መረቁን እንዲስብ ያደርጋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፣ በየአሥር ደቂቃው አንድ እየተላጠ ይቀመሳል። ፌብሩዋሪ ላይ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ቶሎ ይስባል፤ ሜይ ላይ ጠንክሮ ጊዜ ይፈልጋል።

ሥጋው ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ እየተበጣጠሰ ካስቸገረ ብዙ ፈልቷል ማለት ነው። ሌላው ጥፋት ከድስት አውጥቶ በተዘጋ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ በራሱ እንፋሎት መብሰሉን ይቀጥላል። ቅመሙን ከላይ በዱቄቱ የሚነሰንሱ አሉ። ጣት ያቃጥላል፣ ከንፈር ያቃጥላል፣ ሥጋው ውስጥ ግን አይገባም፤ የአካባቢው ሰው ይህን ሲያይ ምንም ባይናገርም ፊቱ ይናገራል። ጅራቱ ቀጥ ያለውን አትብላ የሚለው ምክርም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ድስት ውስጥ መጨናነቅም ጅራት ያቀናል። የሚጣለው ሥጋው የላሸቀው ነው።

ኤቱፌ ማለት የታፈነ ማለት ነው። ከተማዋ ወጡን ለዓለም ያስተዋወቀችው እኔ ነኝ ትላለች፤ በ1920ዎቹ ኤቤር ሆቴል ውስጥ ይሠራ ነበር ይባላል። ለግማሽ ኪሎ የተላጠ ጅራት 110 ግራም ቅቤ ይቀልጣል፤ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ግማሽ የፈረንጅ ቃሪያና አንድ የሴሌሪ ዘንግ በደቃቁ ተከትፎ በዝግታ ይቁላላል፣ ሽንኩርቱ ቅርጹን እስኪያጣ ድረስ። ይህ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሽንኩርት ይበላል። አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈጨው ቀይ ቃሪያ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ጅራቱ በመጨረሻ ገብቶ አምስት ደቂቃ ብቻ ይታፈናል፤ ሲላጥ ቀድሞ ስለበሰለ ከዚያ ካለፈ ጎማ ይሆናል። ከጭንቅላቱ የሚወጣው ቢጫ ስብ ቀለሙንም ጣዕሙንም የሚሰጠው ነው፤ ነገር ግን በረዶ ቤት ሲቆይ ይሰነፍጣል። የታሸገ ሥጋ የሚገዛ ሰው የመጣበትን አገር ከጀርባው ያንብብ። ከቻይና የሚገባው ርካሽ ጅራት የአካባቢውን ላጮች ገበያ ስለሰበረ አሜሪካ በ1997 ልዩ ቀረጥ ጥላበታለች፤ ዛሬም ግን መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ነው የሚገኘው።

የከተማዋ ሌላ ሕይወት ባጭሩ ይህን ይመስላል። ጠዋት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቡዳን ይሸጣል፤ ሩዝ፣ የአሳማ ሥጋና ጉበት የታጨቀበት ቋሊማ ነው፣ በአንድ ጫፍ ነክሰው ከአንጀቱ እየጨመቁ ይበሉታል። ቅዳሜ ከቁርስ ጋር ዛይዲኮ ይጨፈራል፤ ሰዓቱ ገና ጠዋት መሆኑን የሚያነሳ የለም። በ1973 በረግረጉ ላይ 29 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኢንተርስቴት 10 ድልድይ ሲከፈት የግዛቲቱ ዋና ከተማ ባተን ሩዥ ቅርብ ሆነች፤ ዋናው መንገድ ላይ ያሉ ሱቆች አሁን አሮጌ ዕቃ ለጎብኚ ይሸጣሉ፣ ብዙ ሰው ላፋዬት ሠርቶ ይመለሳል። ወፍ ማየት ለሚወድ ሌክ ማርቲን የሚባለው ሐይቅ በአቅራቢያው ነው፤ በጸደይ ሮዝ ቀለም ያላቸው ማንኪያ አፍ ወፎች ሳይፕረሱ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፣ ከሥራቸው አዞ ይጠብቃል።

የሉዊዚያና ምክር ቤት ለከተማዋ የክሮፊሽ ዋና ከተማነትን ማዕረግ የሰጣት በ1959 ነው፣ በሕግ ከተማ ተብላ የተቋቋመችበትን 100ኛ ዓመት ስታከብር። በዓመቱ ፌስቲቫሉ ተጀመረ። በሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ አካባቢ መሆኑ ለቱሪስት ተብሎ አይደለም፤ ክሮፊሹ ትልቅ፣ ብዙና ርካሽ የሚሆነው ያኔ ስለሆነ ነው። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ ወጥመዱ እየሳሳ ይመጣል፣ ገበሬውም ሩዙን ለመዝራት ይቸኩላል። ወጥመዶቹ ተለቅመው ክትሩ ላይ ይደረደራሉ፣ የማፋሰሻው ሳንቃ አንድ አንድ እየተባለ ይነሳል። ውሃው ሲሸሽ በክትሩ ሥር የጭቃ ጭስ ማውጫዎች በአንድ ሌሊት ይበቅላሉ፤ አፋቸው ገና ክፍት የሆነም አለ፣ ከውስጥ በእርጥብ ጭቃ የተደፈነም አለ።